የጋሽ ያዕቆብ ሁለት ሰዓቶች

የጋሽ ያዕቆብን ሞት የሰማሁት ቴፒ መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ ነው። የደወሉልኝ የመዝገብ ቤታችን ወይዘሮ አበበች ነበሩ። «ስንታየሁ፣ እስቲ ያለህበት ቁጭ በል» አሉኝ። መቀመጫ የሚባል ነገር አልነበረም። «ጋሽ ያዕቆብ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብሩ ነገ እዚያው ሸዋ ቤንች ነው» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ረዳቱ «ሚዛን! አንድ ሰው! ሚዛን አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል። አንድ ሰው እኔ ሆኜ ገባሁ። እስከ ሚዛን ድረስ አንዲት እንባ አልወጣኝም። ሌላው ሰው ሁሉ በኋላ እንደ ጉድ አለቀሰ፤ ከሁሉም የበለጠ ማልቀስ የነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ያዕቆብ የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ። አለቃዬ ናቸው እንዳልል ማንንም አዝዘው አያውቁም፤ አስተማሪዬ ናቸው ብል ይቀርባል። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ቡና ችግኝና ጥራት ላይ የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት አለ፤ ስሙ ይቅር። እሳቸው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ እኔ ረዳታቸው ነበርኩ። ረዳት ስባል ልጅ እንዳልመስላችሁ፤ ዕድሜዬ ከሠላሳ አልፏል፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ።

ተወላጅነታቸው እዚያው ሸዋ ቤንች ነው። አማርኛን የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ስለሆነ ሲናደዱ ቤንችኛው ይቀድማቸዋል፤ ስለዚህ መናደዳቸውን እንጂ ምን እንዳሉ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዝናብ ኖረም አልኖረም ቦቲ ጫማ ያደርጋሉ። ሰርቨሩ ያለበት ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ቦቲያቸውን አውልቀው ነጠላ ጫማ ያደርጋሉ፤ እኛንም ያስወልቁናል። አንድ ጊዜ ኃላፊያችንን ሳይቀር ጫማ አስወልቀው በካልሲ አስገቧቸው። ሰውየው ያንን ካልሲ የረሱት አይመስለኝም።

ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ፕሮጀክት ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ጥሎት የሄደ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል በሙሉ እዚያ ላይ ይጠራቀማል። ዛሬ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ቴሌግራም አለው፤ ቢሆንም የሥልጠና ጥሪው፣ የዝውውሩ፣ የውጭ ሀገር ሰው የሚጽፈው ሁሉ የሚመጣው በዚያ አድራሻ ነበር። ባለሙያዎቻችን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገጠር ናቸው፤ ከሼኮ፣ ከየቀበሌው በሳምንት አንድ ቀን ነው ብቅ የሚሉት። ለእነሱ ብለው ጋሽ ያዕቆብ ኮሪደሩ ላይ አንድ ያረጀ ስክሪን ሰቀሉ። ስክሪኑ ላይ የሁላችንም ስም ተደርድሯል። ያልተነበበ ደብዳቤ ያለው ሰው ስሙ አረንጓዴ ይበራል፤ የሌለው እንደ ጠፋ ይቀራል። ጭቃውን እየረገጠ የመጣ ሰው ስሙ ካልበራ ወደ ገበያው፣ ከበራ ወደ እኛ ክፍል ይሄዳል።

ወይዘሮ አበበች ይሄን ነገር አልወደዱትም ነበር። የገቢ ደብዳቤ መዝገብ ይዘው ሲያስፈርሙ የኖሩ ሴት ናቸው። አንድ ቀን ስክሪኑ ሥር ቆመው ጠየቁ።

«ለመሆኑ ይሄ ዕቃ ደብዳቤ መምጣቱን በምን ያውቃል? ያነበዋል እንዴ?»

«አያነብም» አሉ ጋሽ ያዕቆብ። «የሰው ደብዳቤ ማንበብ ነውር ነው። ሰዓት ብቻ ነው የሚያየው።»

«የምን ሰዓት?»

«የያንዳንዱ ሰው ደብዳቤ አንድ ፋይል ውስጥ ይጠራቀማል። ፋይሉ ሁለት ሰዓት ይይዛል። አንደኛው መጨረሻ የተጻፈበት ነው፤ ደብዳቤ በገባ ቁጥር ይለወጣል። ሁለተኛው መጨረሻ የተከፈተበት ነው፤ ሰው ሲያነበው ይለወጣል። ከገባ በኋላ ከተከፈተ ባለቤቱ አይቶታል ማለት ነው፤ ያጠፋዋል። ከገባ በኋላ ካልተከፈተ ያልታየ ነገር አለ፤ ያበራዋል። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ወይዘሮ አበበች ትንሽ አሰቡና «ባለቤቱ ሳይሆን ሌላ ሰው ከከፈተውስ?» አሉ።

ጋሽ ያዕቆብ ሳቁ። «አንቺ ነበርሽ ኮምፒውተር መማር የነበረብሽ። እሱማ ከሆነ ማሽኑ ማን እንደከፈተው ምን ያውቃል? ተነበበ ብሎ ያጠፋዋል። ለዚህ ነው እያንዳንዱን ፋይል ለባለቤቱ ብቻ ፈቃድ ሰጥቼ ለሌላው የምዘጋው። ለእኔም ሳይቀር።»

ማሽኑ ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል ማን ያነባል፣ ማን ይጽፋል ተብሎ ፈቃድ ይሰጣል። ዋናውን ፓስወርድ የያዘ ሰው ይሄን ፈቃድ እንደፈለገ ይለውጣል። ፓስወርዱን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነበርን። ሲሰጡኝ ወረቀት ላይ አልጻፉትም፤ ሦስት ጊዜ በቃል አስደገሙኝና «ስንታየሁ፣ ትችላለህ ማለት ይገባሃል ማለት አይደለም» አሉኝ። ይቺን አባባላቸውን በየአጋጣሚው ይደጋግሟት ስለነበር እኔ እንደ ቀልድ ነበር የማያት።

አንድ ሰሞን የሁሉም ስም ጠፋ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድም አረንጓዴ የለም። ለካስ ፋይሎቹን በየማታው የሚገለብጥ የባክአፕ ፕሮግራም የጫንኩት እኔ ነበርኩ፤ ሲገለብጥ ሁሉንም ስለሚከፍት የተከፈተበት ሰዓት ይለወጣል፣ መብራቱም ይጠፋል። ጋሽ ያዕቆብ ሰበቡን ሲያገኙት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ፕሮግራሙ ገልብጦ ሲጨርስ የቀድሞውን ሰዓት መልሶ እንዲያስቀምጥ አስተካከሉ፤ እንዴት እንደሚደረግም አሳዩኝ። ከዚያ ስም ዝርዝር ያዙና በሁለቱ ቀናት ደብዳቤ የመጣላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ። አንዱ ባለሙያ ሼኮ ነበር። ስልኩ አልሠራ ሲላቸው በዚያ ዝናብ ሞተር ተሳፍረው ሄዱ። «ያ ሰው ስክሪኑን አምኖ ነው ወደ ቤቱ የሄደው። ያሳመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አሉኝ ሲመለሱ፣ ውኃው ከልብሳቸው እየተንጠባጠበ። ይሄን የምተርከው አላውቅም ነበር እንዳልል ነው። አውቅ ነበር። በደንብ ነው የማውቀው።

ኃላፊያችን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ በቀለለኝ። የፋይል ሰው ናቸው። በእሳቸው ቤት ደብዳቤ ማለት መጀመሪያ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል፣ ኃላፊው ያነበዋል፣ ጥጉ ላይ «ለአቶ እገሌ ይመራ» ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያ ለባለጉዳዩ ይሄዳል። ወረቀት እንደዚያ ሲሄድ ኖሯል፤ ኢሜይል ለምን ከወረቀት ይለያል? ጋሽ ያዕቆብን አስጠሩ። እኔም አብሬ ገባሁ።

«አቶ ያዕቆብ፣ ደብዳቤ በኃላፊ ሳይመራ እንዴት ለሠራተኛ ይደርሳል?»

«የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ይመጣል፤ እሱን እርስዎ ይመሩታል። ይሄ የሰው ስም ያለበት ነው።»

«ኮምፒውተሩ እኮ የመሥሪያ ቤቱ ነው።»

«ወንበሩም የመሥሪያ ቤቱ ነው። የተቀመጠበት ሰው ኪስ ግን የራሱ ነው።»

ኃላፊው ሳቅ ሊሉ ነበር፤ ተዉት። «እኔ ለማየት ብቻ ነው የጠየቅኩት። አልሰርዝም፣ አልጽፍበትም።»

«ማየትዎ ነው ችግሩ» አሉ ጋሽ ያዕቆብ። «እርስዎ ባዩት ቁጥር መብራቱ ይጠፋል። ከገጠር የመጣው ሰው የለኝም ብሎ ይመለሳል። እኔ ሰው የሚያታልል ነገር ኮሪደር ላይ አልሰቅልም።»

ጉዳዩ በዚያ ያለቀ መሰለ። በዚያው ሰሞን ግን ጋሽ ያዕቆብ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ጅማ ሄደው ታዩ፤ የልባቸው በር ተበላሽቷል፣ መቀየር አለበት ተባለ። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል ከውጭ ሀገር የሚመጣ የልብ ሐኪሞች ቡድን አለ፣ ይመዝገቡ አሏቸው። ተመዘገቡ። ተራቸው ሲደርስ በኢሜይል ይጻፍላቸዋል፤ በሰባት ቀን ውስጥ እመጣለሁ ብለው ካልመለሱ ቦታው ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። የሰጡት አድራሻ የመሥሪያ ቤቱን ነበር። «ስልክ ይጠፋል፣ ሲም ይበላሻል። ያ ማሽን ግን ጥሎኝ አያውቅም» አሉኝ።

ጅማ በነበሩበት ሳምንት ኃላፊው አስጠሩኝ። የዕድገት ቅጼ ፊታቸው ተቀምጧል። «ስንታየሁ፣ ረዳት ሆነህ ስንት ጊዜህ ነው?» አሉ። ነገርኳቸው። «ይገርማል» አሉ። ቀጥለው ያንን የኢሜይል ነገር አነሱ። አላስፈራሩኝም፤ ቃል አልገቡልኝም። ቅጹን እየተመለከቱ ጠየቁኝ፣ በቃ። ወደ ክፍላችን ተመልሼ አንድ መስመር ጻፍኩ። የሁሉም ሰው ፋይል ለኃላፊው እንዲነበብ ተከፈተ። ቦቲዬን እንኳን አላወለቅኩም ነበር።

እሳቸው ሲያነቡ የቀድሞው ሰዓት እንዲመለስ ማድረግ እችል ነበር። እንዴት እንደሚደረግ ተምሬያለሁ። ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። ቅጹ በሳምንቱ ተፈረመና ነገ የምትባለዋን ረሳኋት።

ጋሽ ያዕቆብ ከጅማ ሲመለሱ ሐኪም ዕረፍት አዟቸው ስለነበር በቀጥታ ሸዋ ቤንች ገቡ። ከዚያ ጀምሮ በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል ይደውላሉ።

«ስንታየሁ፣ ስሜ በርቷል?»

ስልኩን ይዤ ወደ ኮሪደሩ እወጣለሁ። ስማቸው ከታች ሦስተኛው ነው። «አልበራም ጋሼ።»

«እሺ። ወረፋ ነው፣ ይደርሳል። ልጆችህ ደኅና ናቸው?»

ይሄ ከወር በላይ ቀጠለ። አንዳንድ ቀን ድምፃቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ መኝታ ላይ ሆነው ነው የሚያወሩት። አንድም ጠዋት ግን ሳይደውሉ አልቀሩም፤ እኔም አንድም ጠዋት ሳልወጣ አልቀረሁም። ስክሪኑን አያለሁ፣ አልበራም እላለሁ። ኃላፊው የሁሉንም ፋይል በየቀኑ ስለማይከፍቱ የሌሎቹ ስም አንዳንዴ ይበራል፤ ምንም አልጠረጠርኩም። ፋይሉን ከፍቼ ልየው የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም፤ የሰው ደብዳቤ አላነብማ! ጨዋ ነኝ!

አንድ ቀን ኃላፊው ኮሪደሩ ላይ አገኙኝና በሐዘኔታ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉ። «ያዕቆብ እንዴት ሆነ? አዲስ አበባ ገባ?»

«የት?»

«ሐኪሞቹ ጽፈውለት የለም እንዴ? አይቼው ነበር እኮ። የግል ጉዳይ ስለሆነ አልመራሁትም።»

 ሮጬ ገብቼ ባክአፑ ውስጥ ያለውን የፋይላቸውን ቅጂ ከፈትኩ። ደብዳቤው ከገባ አሥራ አንድ ቀን ሆኖታል። ዋናው ፋይል የተከፈተው በገባ ማግስት ነው። ከሥሩ ያለው ስልክ ላይ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች፤ ቦታው ለሌላ ታማሚ መሰጠቱን፣ ቡድኑ ሥራውን መጀመሩን፣ ለሚቀጥለው ዙር ስማቸውን እንደምታስቀድም ነገረችኝ። የሚቀጥለው ዙር መቼ ነው ስላት ገና አልታወቀም አለች።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። «ስንታየሁ፣ ስሜ በርቷል?»

«አልበራም ጋሼ» አልኩ።

ከዚያ በፊት ያልኩት ሁሉ ስሕተት ነበር። ይሄኛው ውሸት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የእኔ ግን ተቃጥሎም ቅጠል ማንሳት አልሆነልኝም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና አምስት ጠዋት ዋሸሁ።

በስድስተኛው ቀን አልደወሉም። ራሳቸው መጡ። ባጃጁ በሩ ድረስ አስገብቷቸው ከዚያ እስከ ክፍላችን ለመድረስ ሦስት ጊዜ ቆሙ። እግራቸው ስላበጠ ቦቲ አላደረጉም፤ ነጠላ ጫማቸውን ሊያወልቁ ሲጎነበሱ ይዤ ከለከልኳቸው። ሳያናግሩኝ ማሽኑ ፊት ተቀመጡና የራሳቸውን ፋይል መረጃ አወጡ። ደብዳቤውን አልከፈቱትም። ሰዓቱን ብቻ ነው ያዩት።

«አንብብልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል» አሉ።

አነበብኩ። የተጻፈበት ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ፤ የተከፈተበት በማግስቱ ማክሰኞ።

«ማክሰኞ እኔ የት ነበርኩ?»

«ሸዋ ቤንች።»

 ከዚያ ጡረታ የወጡ የአንድ ሠራተኛን፣ ማንም የማይጽፍበትንና ባክአፑም የማይገለብጠውን ፋይል አወጡ። «ሁለት ሰዓት አለው ብዬህ ነበር» አሉ። «ሦስተኛ አለው። አላስተማርኩህም፤ ሁለቱ ይበቁሃል ብዬ ነው። ይሄኛው ፈቃዱ የተለወጠበትን ቀን ያስቀምጣል። ደብዳቤ ሲገባም ስለሚለወጥ የእኔ ላይ አይታይም። ለዚህ ሰውዬ ግን ማንም አይጽፍም። አንብበው።»

በፈረንጅ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ይላል፤ ሦስት ሰዓት ከአርባ ማለት ነው። ቀኑ እሳቸው ጅማ የነበሩበት ነው።

«ፓስወርዱን የሚያውቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ቤንችኛው መጣ ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢመቱኝ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር። ፈቃዶቹን አንድ በአንድ ወደነበሩበት መለሱ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ ላግዝዎት ብል በእጃቸው ከለከሉኝ። ሲጨርሱ «ደብተርህን አምጣና ሦስተኛውን ጻፈው፤ ከእኔ በኋላ የሚያስተምርህ የለም» አሉ። ጻፍኩ። እንደ ተማሪ፣ ቃል በቃል። ከወንበሩ ሲነሱ ክንዳቸውን ያዝኩ፤ አልገፉኝም።

በሩ ላይ ቆመው «ለመሆኑ መቼ አወቅክ?» አሉኝ።

«ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው።»

ይሄኛው ነው የጎዳቸው። የመጀመሪያውን ችለውት ነበር፤ ፊታቸው ላይ አይቼዋለሁ። አንገታቸውን ነቀነቁና ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ አልደወሉም፤ እኔም አልደወልኩም። ሁለት ወር ከሳምንት ኖሩ።

በቀብሩ ዕለት ሸዋ ቤንች በጠዋት ደረስኩ። አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ገና ከሚኒባሱ ስወርድ ተቀብለው ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ እንዳነብ ቤተሰቡ መርጦኛል። እምቢ ለማለት ምክንያት ማቅረብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ደግሞ መናገር አልቻልኩም። የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ መቼም የታወቀ ነው፤ ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ የልጆች ብዛት። መጨረሻው ላይ ሁሉም ሟች የሚጋራት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብዬ ጻፍኳት። ከመዘምራኑ ቀጥሎ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኳት። ኃላፊያችን ከፊት ቆመው ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ነበር። የእውነት ነበር ልቅሷቸው፤ ምን እንዳደረጉ እስከ ዛሬ አያውቁም።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ባለቤታቸውን እትዬ ማርታን ላጽናና ሰልፍ ያዝኩ። ተራዬ ሲደርስ ሁለት እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። ለቅሶተኛው ሁሉ እንዲሰማ ዘወር ብለው ተናገሩ።

«ይሄ ነው ስንታየሁ! በየጠዋቱ ስልኩን የሚያነሳለት ይሄ ነው። ሰው ሁሉ ሲረሳው ይሄ ልጅ አንድ ቀን አልታከተውም። እሱም ‹ስንታየሁ ደክሞልኛል› ነበር የሚለኝ።»

አልነገሯቸውም። ጋሽ ያዕቆብ ሁለት ወር ከሳምንት ጎን ለጎን ተኝተው አልነገሯቸውም።

«እትዬ ማርታ፣ አንድ ነገር…» አልኩ።

«ምን ልጄ?»

ዓይናቸው ቀልቷል። ከኋላዬ ሰው ይገፋል። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩና አለፍኩ።

ዛሬ በእሳቸው ወንበር የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። እትዬ ማርታ በየበዓሉ ይደውሉልኛል። «ጌታ ይባርክህ፣ እሱን እንደረዳኸው አንተንም ሰው አያሳጣህ» ብለው ይመርቁኛል። እኔም አሜን እላለሁ።